ፓር ምንድን ነው? ገደብ አይደለም!

ባለፈው ቅዳሜ መናፈሻው ውስጥ አንድ ልጅ ዲስኩን ከሣሩ ላይ አንስቶ ወደ ዳር ወጣ። ቀይ ጨርቅ ያሰርንበት ዋንዛ ጋ ለመድረስ የቀረው አራት እርምጃ ነበር። "ምነው ማሙሽ?" ስለው "ጋሼ፣ ሦስቴ ወረወርኩ እኮ። ፓሩ 3 ነው፣ አለቀልኝ" አለኝ።

ይሄን ነገር ስንቴ እንደሰማሁት! ጅማ ውስጥ ዲስክ ጎልፍ፣ ማለትም ዲስክ እየወረወሩ በተቻለ መጠን በጥቂት ውርወራ ዒላማ የሚመታበትን ጨዋታ፣ የሚሞክር ሰው ገና ጥቂት ነው፣ ስህተቱ ግን ከጨዋታው ቀድሞ ተዛምቷል።

ፓር ገደብ አይደለም። አስር ጊዜ ብትወረውሩ አስር ተብሎ ይጻፍላችኋል፣ በቃ።

ይህን ስናገር አንድ ወዳጄ "እንግዲያው አማካይ ነዋ፣ ብዙ ሰው የሚያመጣው ውጤት" ብሎ ሞገተኝ። እሱም አይደለም። የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ፒዲጂኤ የሚባለው ማኅበር ፓር የሚለው፣ የበቃ ተጫዋች በተለመደ አየር ሳይሳሳት ቢጫወት በስንት ውርወራ ይጨርሳል ተብሎ የሚጠበቀውን ነው። "ሳይሳሳት" የምትለዋን ሁሉም ይዘላታል። ቅዳሜ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ውጤት ደምራችሁ ብታካፍሉ አምስትም ስድስትም ሊወጣ ይችላል። ፓሩ ግን 3 እንደሆነ ይቀራል። ክረምት ገብቶ ዲስኩ ከእጅ ቢያዳልጥም ያው 3 ነው።

ጅማ ነንና በቡና ላስረዳ። የመጀመሪያው ውርወራ አቦል ነው፣ ጉልበት ያለበት። ሁለተኛው፣ ወደ ዛፉ የሚያስጠጋችሁ፣ ቶና ነው፣ ለዘብ ይላል። ሦስተኛው በረካ፣ በእጅ አንጓ ብቻ፣ ቀስ ብሎ። ሦስቱን ጠጥቶ የተነሣ እንግዳ በወጉ ተስተናግዷል፤ ፓር ማለት ይሄ ነው። ጀበናው ላይ ውሃ ተጨምሮ አራተኛ ቢቀዳላችሁ ደግሞ ከቤት የሚያስወጣችሁ የለም፣ ቡናው ይቀጥናል እንጂ። እሱን ቦጊ በሉት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ምሳሌው አይሠራም። ቶና ላይ ብድግ ካላችሁ ቡና ያፈላችውን ሴት ታስቀይማላችሁ፣ እዚህ ግን በሁለት መጨረስ በርዲ ነው፣ ሁሉም የሚመኘው።

ስህተቱ ከየት መጣ? ብዙ አጫጭር ሜዳዎች ለቆጠራ እንዲቀል ሁሉንም መድረሻ ፓር 3 ያደርጉታል። መድረሻው 9 ከሆነ የሜዳው ፓር 27፣ 18 ከሆነ 54። ሰው በየመነሻው 3፣ 3፣ 3 ሲያይ ሕግ ይመስለዋል።

"ከመነሻ እስከ መድረሻ 62 ሜትር ምን አላት፣ ፓር 3 በዛባት" የሚሉም አሉ። ሙያዬ ቅየሳ ነውና እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። መጀመሪያ በምን እንደተለካ ጠይቁ። ቴፑን ቁልቁለቱ ላይ አስተኝቶ የለካና አግድም ወጥሮ የለካ እኩል ቁጥር አያመጡም። እርግጥ ነው፣ 10 ሜትር በሚወርድ 62 ሜትር ላይ ልዩነቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዲስኩ ግን ቴፕ አያነብም፤ ቁልቁል ሲወረወር አየር ላይ ይቆይና አልፎ ይሄዳል። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ዲስኩ መጨረሻ ላይ የሚያደርገውን መታጠፍ ቶሎ ይጀምራል። መሃል ላይ ዛፍ ካለ ሜትሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ደግሞ ዲስኩ የሚገባበት ቅርጫት የለንም ብላችሁ አትፈሩ። በ1975 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ኦክ ግሮቭ ላይ የተከፈተው የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳም ሲጀምር ዒላማው ተራ ምሰሶ ነበር። ሰንሰለት ያለው ቅርጫት በኋላ ነው የመጣው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። "ሦስተኛዋ የመጨረሻዬ ናት" ብሎ የሚያስብ ሰው ከሩቅ ሆኖ ባለ በሌለ ኃይሉ ይለቀዋል። ዲስክ ጠርዙ ጠንካራ ነው፣ ከ170 ግራም በላይ የሚመዝንም አለ። መናፈሻው ደግሞ የሁሉም ነው፤ ሣሩ ላይ ተማሪ ያነባል፣ ሕፃን ኳስ ተከትሎ ድንገት ይገባል። አራተኛ እንዳለው የሚያውቅ ሰው መንገዱ እስኪጸዳ ይጠብቃል፣ ሲወረውርም በልኩ ነው።

ልጁን መለስኩት። ሣሩ የተጋደመበትን ቦታ ፈልገን ዲስኩ የወደቀበት ላይ ቆመ። ወረወረ፣ ግንዱ "ኳ!" አለ። ወረቀቱ ላይ 4 ብዬ ጻፍኩለት።