ቅርጽ፣ ክፍልፋይ፣ ሰዓትና ልኬት፦ የ1ኛ ክፍል ሒሳብ ትምህርት ዕቅድ

ቅርጽ፣ ክፍልፋይ፣ ሰዓትና ልኬት በ1ኛ ክፍል ሒሳብ ብዙውን ጊዜ ከመደመርና ከመቀነስ በተረፈ ጊዜ የሚሸፈኑ ርዕሶች ናቸው። ለየብቻ ሲታቀዱ ደግሞ ጊዜው ይብሱኑ ያጥራል። አራቱንም የሚያያይዛቸው «እኩል ክፍል» የሚለው ሐሳብ ነው፤ ክብ ወረቀት ለሁለት ያጠፈ ልጅ የሰዓትን ገጽ በግማሽ ለማየት አይቸገርም። ስለዚህ ቅርጽ ከክፍልፋይ፣ ክፍልፋይም ከሰዓት ይቀድማል። ልኬት ከመጀመሪያም ሆነ ከመጨረሻ ሊገባ ይችላል። ሰዓት ከክፍልፋይ ከቀደመ ግን «ተኩል» በቃል የሚሸመደድ ነገር ሆኖ ይቀራል።

ቅርጽ ላይ ስም ማስጠናት ትንሹ ሥራ ነው። ሆላንዳውያኑ ፒየርና ዲና ቫን ሂሌ እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረቡት የእርከን ትንታኔ መሠረት ልጅ መጀመሪያ ቅርጽን የሚለየው በአጠቃላይ መልኩ እንጂ ጎንና ማዕዘን ቆጥሮ አይደለም። ሁልጊዜ መሠረቱ ወደ ታች የሆነ ሦስት ማዕዘን ብቻ ካየ፣ ጫፉ ወደ ታች ሲዞር «ይሄማ ሦስት ማዕዘን አይደለም» ይላል። ለዚህ 12 ያህል ካርድ ይበቃል፦ ቀጭንና ረጅም፣ ዘንበል ያለ፣ ትልቅ፣ ትንሽ፤ ከእነሱ ጋር አንድ ጎኑ የጎበጠ፣ ጫፉ ያልገጠመና አራት ጎን ያለው አስመሳይ ይደባለቃል። ቀለማቸው የተለያየ ይሁን፤ ሁሉም አንድ ቀለም ከሆኑ ቀለም ቅርጽን እንደማይወስን ማሳየት አይቻልም። ልጆቹ ከለዩ በኋላ የሚጠየቁት «በምን አወቃችሁ?» ተብለው ነው። ካሬ የሬክታንግል ዓይነት መሆኑን ከወዲሁ መናገር ይሻላል፤ «ካሬ ሬክታንግል አይደለም» ብሎ የተማረን ልጅ በኋላ ማስተው አድካሚ ነው።

በክፍልፋይ ግማሽና ሩብ ይበቃሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ኮመን ኮር የተባለው የትምህርት መመዘኛም በዚህ ክፍል በሁለትና በአራት እኩል ክፍል ይወሰናል፤ ሲሶን ለ2ኛ ክፍል ይተወዋል። 1/2 ብሎ መጻፍ ሊቆይ ይችላል። ሬክታንግል ወረቀት በቁመትና በወርድ ሲታጠፍ ግማሹ ወዲያው ይታያል። ትምህርቱ የሚጣፍጠው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲሆን ነው፦ ወረቀቱ በሰያፍ ሲታጠፍ ጠርዞቹ አይገጣጠሙም፤ ልጆቹም «እኩል አይደለም» ይላሉ። በመቀስ ተቆርጦ አንደኛው ቁራጭ ዞሮ ከሌላኛው ላይ ሲደረብ ግን ልክክ ይላል። ክብን በሦስት ትይዩ መስመሮች እኩል ርቀት ከፍሎ «አራት ሩብ» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው፤ የዳርና ዳሮቹ ቁራጮች ያንሳሉ። ሌላው «4 ከ2 ስለሚበልጥ ሩብ ከግማሽ ይበልጣል» የሚለው ነው። ይህ በቃል ማብራሪያ አይለቅም፤ መጠናቸው አንድ የሆነ ሁለት ወረቀት ተቆርጦ መደራረብ አለበት። ወረቀቶቹ መጠናቸው ከተለያየ ማስረጃው ራሱ ያሳስታል።

ሰዓት ላይ ብዙ መምህራን ሁለቱን ቆጣሪ በአንድ ቀን ያስተዋውቃሉ፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜያት የደቂቃ ቆጣሪውን ነቅሎ አጭሩን ብቻ ማስቀረት ያዋጣል። አጭሩ 4 ላይ ከሆነ 4 ሰዓት፣ ከ4 ትንሽ ካለፈ «4 አልፏል»፣ በ4 እና በ5 መሐል ከሆነ 4 ተኩል ነው። ረጅሙ ሲጨመር ልጁ የሚጠብቀውን ያውቃል። ይህ ከተዘለለ 4 ተኩልን «5 ተኩል» ማለት ይመጣል፤ ቆጣሪው ወደ 5 እያመራ ስለሆነ ልጁ የሚያየው የሚደረስበትን ቁጥር ነው። ከካርቶን የሚሠራ የማስተማሪያ ሰዓትም ጣጣ አለው፦ ሁለቱ ቆጣሪዎች ለየብቻ ስለሚዞሩ ልጆች ረጅሙን 6 ላይ አድርገው አጭሩን ልክ 4 ላይ ይተዉታል። እውነተኛ ሰዓት እንዲህ አይቆምም።

ልኬት በቀጥታ ማወዳደር ይጀምራል። ሁለት እርሳስ ሲነጻጸር በአንድ በኩል ጫፋቸው ካልተስተካከለ፣ ወደፊት የወጣው «ረጅም» ይባላል። ቀጥሎ ጎን ለጎን የማይመጡ ነገሮች በሲባጎ ይወዳደራሉ፤ የሚለጠጥ ገመድ አይሆንም። ከዚያ በእኩል ቁራጮች መለካት ይመጣል፤ ክፍተትም መደራረብም የለም። 24 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥብጣብ በ6 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ 4 ጊዜ፣ በ4 ሴንቲ ሜትር 6 ጊዜ፣ በ3 ሴንቲ ሜትር 8 ጊዜ ይለካል፤ መለኪያው ሲያንስ ቁጥሩ ይጨምራል። መጀመሪያ የሚለኩ ነገሮች ያለ ትራፊ የሚያልቁ ይሁኑ።

ማስመሪያ መጨረሻ ላይ ይገባል። ልጁ ገብቶት እንደሆነ ለማወቅ ጥብጣቡን ከ0 ሳይሆን ከ2 እስከ 7 ማስቀመጥ ነው። 7 ካለ ጫፉን ብቻ አንብቧል፤ 6 ካለ ጭረቶቹን ቆጥሯል፤ 5 ካለ ክፍተቶቹን ቆጥሯል።