የወተት ዱቄትን ጥራት የሚተነብዩ የርጭት ማድረቂያ ሞዴሎች

ርጭት ማድረቅ ፈሳሽን ወደ ደቃቅ ጠብታዎች በትኖ በሞቃት አየር ውስጥ በጥቂት ሰከንዶች ዱቄት የማድረግ ዘዴ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የፈጠራ መብት በ1872 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለሳሙኤል ፐርሲ ተሰጥቷል። የላም ወተት 87 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ይህን ሁሉ ውሃ በሞቃት አየር ማስወገድ ብዙ ኃይል ስለሚፈጅ፣ ወተቱ አስቀድሞ በቫኩም ማትነኛ (በዝቅተኛ ግፊት ውሃን በሚያተን መሣሪያ) ውስጥ አልፎ ግማሽ ያህሉ ጠጣር እስኪሆን ድረስ ይወፍራል። ከዚያም በኖዝል (በጠባብ የመርጫ አፍ) ወይም በሚሽከረከር ዲስክ ተረጭቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሚደርስ አየር ጋር ይገናኛል።

ይህን ሂደት በስሌት ከሚገልጹት ሞዴሎች ቀላሉ የገባውንና የወጣውን ውሃና ሙቀት ያመዛዝናል። ከማድረቂያው የሚወጣው አየር ሙቀትና እርጥበት ከታወቀ፣ የዱቄቱን እርጥበት በቂ በሆነ ትክክለኛነት መገመት ይቻላል፤ ለዕለታዊ ቁጥጥርም ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ይሁን እንጂ እርጥበት ብቻውን ጥራት አይደለም። እኩል እርጥበት ካላቸው ሁለት ዱቄቶች አንዱ ውሃ ላይ ሲነሰነስ ወዲያው ሰምጦ ሊሟሟ፣ ሌላው ግን ውስጡ ደረቅ የሆነ እብጠት ሠርቶ ሊንሳፈፍ ይችላል። ልዩነቱ ያለው እያንዳንዱ ቅንጣት ባለፈበት መንገድ ላይ ነው።

ይህን መንገድ ለማወቅ ተመራማሪዎች አንዲት የወተት ጠብታ በቀጭን የመስታወት ክር ጫፍ ላይ ሰቅለው፣ ሞቃት አየር እየነፉባት ክብደቷንና ሙቀቷን ይለካሉ። አየሩ እጅግ ሞቃት ቢሆንም፣ ትነቱ ሙቀትን ስለሚወስድ ጠብታዋ መጀመሪያ ላይ ከአየሩ በጣም ትቀዘቅዛለች። ላይዋ ቆዳ ሲያበጅ ግን ትነቱ ይዳከምና ሙቀቷ ይጨምራል፤ ፕሮቲንን የሚጎዳውና የዱቄቱን መሟሟት የሚቀንሰው በአብዛኛው ይህ የኋለኛው ምዕራፍ ነው። የትነቱን መዳከም እንደ ኬሚካላዊ ምላሽ ቆጥሮ፣ ውሃው ለመውጣት የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ኃይል ከቀረው እርጥበት ጋር የሚያያይዝ አቀራረብ አለ። ከጥቂት ሙከራዎች የተገኘን ውጤት ወደ ሌላ የአየር ሁኔታ ለማሸጋገር ስለሚያስችል፣ ለተግባር የሚመች ነው።

የጠብታዋ ስሌት ከአየር ፍሰት የኮምፒውተር ስሌት ጋር ሲጣመር፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቅንጣቶች በማድረቂያው ውስጥ የሚጓዙበትን መስመርና ግድግዳውን የሚመቱበትን ቦታ ያሳያል። መጣበቃቸውን በአብዛኛው የሚወስነው የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስ ነው። በፍጥነት የደረቀ ላክቶስ ክሪስታል ሳይሠራ እንደ መስታወት ይጠጥራል፤ ፍጹም ደረቅ ከሆነ እስከ 101 ዲግሪ ገደማ ጠጣርነቱን ይጠብቃል፣ 4 በመቶ ውሃ ከያዘ ግን ይህ ወሰን ወደ 50 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። የቅንጣቱ ገጽ ከዚህ ወሰን በበቂ መጠን ሲያልፍ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃልም። ይህ መጣበቅ ግድግዳ ላይ ሲሆን ጉዳት ነው፤ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተያይዘው ውሃ በቀላሉ የሚገባበት እንክብል ሲሠሩ ግን ተፈላጊ ነው። የግጭቶቹን ቁጥርና የእንክብሎቹን ቅርጽ ማስላት ከሁሉም ይከብዳል።

ስብ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። ባለ ሙሉ ስብ ዱቄት ከሩብ ጥቂት የሚበልጥ ስብ ቢኖረውም፣ የቅንጣቱን ገጽ በአብዛኛው የሚሸፍነው ይኸው ስብ ነው፤ ውሃ የሚገፋውም ስለዚህ ነው። አማካይ ይዘትን ብቻ የሚያሰላ ሞዴል ይህን አያይም። ስለዚህ ስብ፣ ፕሮቲንና ላክቶስ በምትደርቀው ጠብታ ውስጥ ከመሃል እስከ ገጽ እንዴት እንደሚደለደሉ ለይቶ ማስላት ያስፈልጋል።