ሰዎቹ የት ገቡ? የ«ዘ ኢንድለስ ፎረስት» ጫካና የጠፉት ነዋሪዎቹ

«ዘ ኢንድለስ ፎረስት»፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ማለቂያ የሌለው ጫካ»፣ በኢንተርኔት የሚገናኙ ተጫዋቾች ሁሉ ዋላ ሆነው የሚኖሩበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ያዘጋጀው «ቴል ኦፍ ቴልስ» የተባለው የቤልጂየም ስቱዲዮ ሲሆን፣ ባለቤቶቹ ኦሪያ ሃርቪ እና ሚካኤል ሳሚን የተባሉ ሁለት የሥነ ጥበብ ሰዎች ናቸው። ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በነጻ ይወርዳል። ማሸነፍ የለበትም፣ ነጥብ የለበትም፣ ንግግርም የለበትም። ጫካው ውስጥ ፍርስራሽ አለ፣ መቃብር አለ፣ ሐውልት አለ፤ ሰው ግን የለም።

ይህ ዳሰሳ በአብዛኛው የሚያተኩረው በዚህ በመጨረሻው ነገር ላይ ነው፤ ሰዎቹ የት እንደ ገቡ ተጫዋቾች በሚሰነዝሯቸው መላምቶች፣ በተለይም በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ባለን ጥቂት ወዳጆች መካከል ሲነሱና ሲወድቁ በኖሩት ላይ። በአማርኛ የሚጠቀስ ጽሑፍ ስላላገኘሁ የተደገፍኩት በጨዋታው በራሱ፣ አዘጋጆቹ ስለ ሥራቸው በተናገሩትና አብረውኝ በተጫወቱ ሰዎች ክርክር ነው።

ስለ እንስሳው

በመጀመሪያ አንድ የስም ችግር እናስወግድ። ብዙዎቻችን የጨዋታውን እንስሳ «አጋዘን» እያልን እንጠራዋለን፤ ልክ አይደለም። የእኛ አጋዘን ቀንዱ የተጠማዘዘ ሲሆን አንዴ ካበቀለው እስኪሞት አይጥለውም። የጨዋታው እንስሳ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚዘረጋ፣ በአውሮፓ ጫካ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ የሚያበቅል ነው፤ እንዲህ ያለ እንስሳ በአገራችን ዱር የለም። «ዋላ» የሚለው ቃል ይሻላል። ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ውኃ የሚናፍቀው ያ ነው።

ፊቱ ግን የሰው ነው። ሙሉ አካሉ ዋላ ሆኖ ሳለ ከጆሮዎቹ በታች ዓይን፣ አፍንጫና ከንፈር ያለው፣ ስሜቱ የማይነበብ የሰው ገጽ ተቀምጧል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው ትንሽ ይሸማቀቃል። ክርክሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ፊት ነው።

አመጣጡ

ስቱዲዮው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ጫካውን እንዲሠሩ መጀመሪያ ያዘዛቸው በሉክሰምበርግ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነበር፤ ስለዚህ ሥራው ሲወለድ ከጨዋታ ገበያ ይልቅ ለሥዕልና ለቅርጻ ቅርጽ ይቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለቱ ስለ ሥነ ጥበብና ኮምፒውተር ያላቸውን አቋም በማኒፌስቶ አውጥተዋል። ቀጥሎ «ዘ ግሬቭያርድ» እና «ዘ ፓዝ» የተባሉት ጨዋታዎቻቸው በቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 መጡ።

ጫካው ምን ይመስላል

አዲስ ገቢ በግልገልነት ይጀምራል፤ ከጊዜ በኋላ ያድጋል፣ ቀንድም ያወጣል። ስሙ በፊደል አይጻፍም፤ ከራሱ በላይ የሚታይ አንድ ምልክት መታወቂያው ነው። መናገር ስለማይቻል ተጫዋቾች የሚግባቡት በመስገድ፣ በመጨፈር፣ በመጮህ፣ አጠገብ ለአጠገብ በመተኛት ነው። ማንም ደግሞ የራሱን መልክ መቀየር አይችልም። የቆዳውን ቀለም፣ ቀንዱን፣ ፊቱ ላይ የሚያጠልቀውን ጭንብል የሚለውጥለት ሌላ ዋላ ነው፣ በጫካው አስማት። እንደ ሹሩባ ማለት ነው፤ ያማረ ሹሩባ የፈለገች ሴት አንዲት ጎረቤት ትሻለች።

ከሥፍራዎቹ ሦስቱ ለዚህ ጽሑፍ ያስፈልጋሉ። አንደኛው ውስጡ ባዶ የሆነው አሮጌው የኦክ ዛፍ ነው፤ ዋላዎች ሆዱ ውስጥ ይጠለላሉ። ሁለተኛው የመንታ አማልክት ሐውልት ነው፤ ሁለቱን አዘጋጆች ይወክላል። አዘጋጆቹ አንዳንድ ጊዜ «አባዮጄኔሲስ» በሚሉት ዝግጅት አማልክት ሆነው በጫካው ሰማይ ይገለጡና አየሩን፣ አበባውንና ብርሃኑን በቀጥታ ይለዋውጡ ነበር። ሦስተኛውና ዋናው ፍርስራሹ ነው። የድንጋይ ግንብ ቅሪት፣ ጣሪያ የሌለው፣ ዙሪያው መቃብር። አማርኛ «ዳዋ የዋጠው» የሚለው ዓይነት ነው።

መላምቶቹ

አማርኛ ተናጋሪ ስለ እነዚህ ሰዎች ለማውራት አፉን ሲከፍት ገና ግሱን በመምረጡ ወገን ይይዛል። ሰዎቹ ጠፉ? አለቁ? ተሰደዱ? ተለወጡ? ወይስ ተሰወሩ? እያንዳንዱ ግስ አንድ መላምት ነው። እኛም ክርክራችንን የምንለየው በግሶቹ ነው፤ «እሱ የአለቁ ወገን ነው» እንባባላለን።

ተለወጡ። በየትም አገር ተጫዋች ዘንድ ቀድሞ የሚመጣው ግምት ይህ ነው። የዋላው ፊት የሰው ነውና ሰዎቹ ራሳቸው ዋላ ሆነዋል። ደጋፊዎቹ ዋላዎቹ በሐውልቱ ፊት መስገዳቸውንና በመቃብሩ መካከል ተቀምጠው ማደራቸውን ይጠቅሳሉ፤ ተራ አውሬ መቃብር ምኑ ነው? የቅኔ ቤት ያለፈ አንድ ወዳጃችን ዋላው ሰም፣ ሰውየው ወርቅ ነው ብሎ ደምድሟል፤ የጎጃም ልጅ ሆኖ ይህን ሳይል ቢቀር ነበር የሚገርመው። የመላምቱ ድክመት ግልገሎቹ ናቸው። እነሱም ከመጀመሪያው የሰው ፊት ይዘው ነው የሚታዩት። ቅጣት ወይም እርግማን ቢሆን በአንድ ትውልድ ላይ በወረደ፤ ይህ ግን ዘር ሆኗል።

ተሰደዱ ወይም ምድሩ ጠፍ ሆነ። «ጠፍ» የሚለው ቃል ከ«ጠፋ» መምጣቱን ልብ ይሏል፤ ባለቤቱ የለቀቀው፣ የማይታረስ መሬት ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ፣ ረኃብ ተከትሎ፣ አገር ጠፍ መሆኑን ከአያቶቹ የሰማ ሰው ይህን መላምት ለመቀበል አይቸገርም። ቤት በጥቂት ክረምት ይፈርሳል፣ ማሳ በጥቂት ዓመት ቁጥቋጦ ይሆናል። ለዚህ ግን ጫካው ውስጥ ጎጆ፣ አጥር፣ ወፍጮ፣ የእርሻ ድንበር መታየት ነበረበት። የሚታየው የአምልኮ ቦታ የሚመስል ፍርስራሽና መቃብሩ ብቻ ነው። ተሰዳጅ ሕዝብ ቤቱን ተሸክሞ አይሄድም።

አለቁ። መቃብሩ ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ይመስላል። እኔም የዚህ ወገን ነበርኩ፤ ያስለቀቀችኝ አክስቴ ናት። ከሞጣ ለሕክምና መጥታ እኔ ዘንድ ባረፈችበት ሰሞን ከኋላዬ ቆማ ስክሪኑን ስትመለከት ቆየች። ግልገሌ በመቃብሮቹ መካከል ተቀምጧል።

«አንተ፣ ይህ ሁሉ መቃብር የማን ነው?»

«የሰው ነው መሰለኝ፣ እትዬ።»

«ሰዎቹስ?»

«የሉም። አልቀዋል።»

ነጠላዋን አስተካከለችና «ታዲያ የመጨረሻውን ማን ቀበረው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሕዝብ በአንድ ጊዜ ካለቀ ቀባሪ አይኖርም፤ በየሜዳው የወደቀ አጥንት መታየት አለበት። አንድ በአንድ ካለቀ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰው ሳይቀበር ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ሁለት ወዳጆቼና እኔ ለብዙ ማታ ጫካውን ከመቃብሩ ውጪ ተከፋፍለን ስንፈትሽ ቆየን፤ አንዱ ኩሬውን፣ አንዱ የኦክ ዛፉን ሆድ፣ እኔ ደግሞ ከሐውልቱ ጀርባ ያለውን። ያልተቀበረ ሰው አላገኘንም። በእኛ ዘንድ «የእትዬ ጥያቄ» የሚባለው ይህ ነው፤ «አለቁ» የሚል ሁሉ መጀመሪያ እሱን መመለስ አለበት።

አልነበሩም። አንዳንዶች፣ በተለይ ኮምፒውተር የተማሩት፣ ነገሩን በአጭሩ ይዘጉታል። ፍርስራሹ ከመጀመሪያው ፍርስራሽ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ቆሞ የታየበት አንድም ቀን የለም፤ መቃብሮቹም ከታች ባዶ ናቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መኳንንት በአትክልት ቦታቸው አዲስ ፍርስራሽ ያስገነቡ እንደነበር እርግጥ ነው፤ ገጣጣ ግድግዳ፣ ሆን ተብሎ የተሰበረ ዓምድ፣ ለትካዜ ያህል። የጫካው ፍርስራሽ የዚያ ልማድ ልጅ ሊሆን ይችላል። አልክድም። ሆኖም በምሥራቅ ጎጃም መርጡለ ማርያም ቅጥር ውስጥ ቆሞ ያንን የተጠረበ ድንጋይ ያየ ሰው በዚህ መልስ አይረካም። አጀማመሯ ከአብርሃና አጽብሃ ዘመን እንደሆነ በአካባቢው ይነገራል፤ እቴጌ እሌኒ ያሠሩትን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የግራኝ አህመድ ጦርነት አወደመው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን እጅ እንደገና ገባበት ይባላል፣ በዚህ ላይ ግን ስምምነት የለም። አበባና ሐረግ የተቀረጸበት ግድግዳ ዛሬም አለ። ፍርስራሽ ሲባል ለእኛ የሆነ ሰው ያነጸው፣ የሆነ ሰው ያፈረሰው ነው።

እኛ ነን። ሰዎቹ አልጠፉም፣ ከስክሪኑ ማዶ ተቀምጠው ዋላውን የሚነዱት እነሱ ናቸው የሚል መላምት ነው። ብልህ መልስ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ጥያቄውን መሸሽ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልመስክርለት። አንድ ማታ ከማላውቀው ትልቅ ዋላ ጋር ኩሬው ዳር ጎን ለጎን ተኝተን ሳለ ባሕር ዳር መብራት ሄደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ያ ዋላ ጥዬው በሄድኩበት ቦታ ተቀምጦ ነበር። በእሱ ዓይን፣ በዚያች ሰዓት ጫካው ውስጥ ጠፍቶ የነበረው እኔ ነኝ።

ተሰወሩ። ይህ መላምት የእኛ ነው፤ ከጎጃም ውጪ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። መሰወር መሞት አይደለም፣ መሰደድም አይደለም። በገዳማቱ አካባቢ ያደገ ሰው ስውራን ቅዱሳን በዋሻና በጫካ እንደሚኖሩ፣ በዕለቱ ካልፈቀዱ በቀር ለዓይን እንደማይታዩ እየሰማ ያድጋል። መቋሚያቸው ሲያንኳኳ ተሰማ፣ የዕጣናቸው ሽታ መጣ ይባላል፤ እነሱ ግን አይታዩም። የጫካው ሰዎችም እዚያው አሉ። መቃብሩ የቀደሙት አባቶቻቸው ነው፣ የመጨረሻውንም የቀበሩት እነሱ ናቸው። የእትዬን ጥያቄ ያለ ጭንቅ የሚመልሰው ይህ ብቻ ነው።

ለዚህ ዘጌን ማየት ይበቃል። ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳር ያለውን ይህን ልሳነ ምድር ከጀልባ ላይ የሚያይ እንግዳ ሰው የሌለበት ጥቅጥቅ ጫካ ነው የሚመስለው። ወርዶ በእግር ሲገባ ግን ከቡናው ሥር ቤት አለ፣ ጭስ አለ፣ ሕፃናት አሉ፤ ከዛፎቹ መካከል ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ሌሎቹ ገዳማት ተቀምጠዋል። በትውፊቱ መሠረት ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ሲተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቅሏል፤ ሕዝቡም በዚህ ሊኖር፣ ምድሩን በበሬ ላያርስ ቃል ተቀብሏል። ጫካው የቆየው ሰዎቹ ስለጠፉ አይደለም፤ ስላሉበት ነው። በሜዳው ላይ እንደ ደሴት የቀሩት የየደብሩ ጽድ፣ ወይራና ዝግባም እንዲሁ ናቸው፤ በዙሪያቸው ያለው ምድር ሲራቆት እነሱን ያቆያቸው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና የምእመኑ ፍርሃት ነው። አውሮፓዊው ተጫዋች ጫካ ሲያይ ሰው የለም ይላል። እኛ ያልተቆረጠ ዛፍ ስናይ ጠባቂው ማን ነው ብለን እንጠይቃለን።

ተቃዋሚዎች የጨዋታው አዘጋጆች ስለ ስውራን ሰምተው አያውቁም ይላሉ። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ መላምቱን ግን አያፈርሰውም።

ዛሬ

ስቱዲዮው እ.ኤ.አ. በ2015 «ሰንሴት» የተባለውን ጨዋታ ካወጣ በኋላ ለገበያ ጨዋታ መሥራት አቁሟል። ጫካውን ግን አልተዉትም፤ ለአዳዲስ ኮምፒውተሮች እንደገና ለመገንባት ከተጫዋቾች ገንዘብ አሰባስበዋል።

እኛም አልፎ አልፎ እንገባለን። ለፋሲካ ሞጣ ስደውል አክስቴ ስለ ጤናዬ ከጠየቀችኝ በኋላ «ቀባሪውን አገኛችሁት?» አለችኝ። ገና ነው አልኳት።