አቮካዶን ማዳቀልና መትከል

የተዳቀለ አቮካዶ ሥሩ ከአንድ ዛፍ፣ ቅርንጫፉ ከሌላ ዛፍ የመጣ ችግኝ ነው። በዘር የበቀለ አቮካዶ እናቱን አይመስልም፤ ሃስ የተባለውን የአቮካዶ ዓይነት ዘር ተክሎ ሃስ ማግኘት አይቻልም። ለማፍራትም ብዙ ጊዜ ከ6 ዓመት በላይ ያስጠብቃል፤ የተዳቀለው በ3ኛው ወይም በ4ኛው ዓመት ፍሬ ይይዛል። በሲዳማ፣ በወላይታና በጅማ ጓሮዎች የቆሙት ትልልቅ ዛፎች አብዛኞቹ የዘር ናቸው። ለገበያ የሚፈለጉት ሃስ፣ ፉዌርቴ፣ ኤቲንገርና ናባል ግን ጠባያቸውን ሳይለቁ የሚባዙት በማዳቀል ነው።

ጊዜው የሚቆጠረው ከተከላው ወደ ኋላ ነው። ችግኙ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ መሬት እንዲገባ ከተፈለገ ማዳቀሉ በታኅሣሥና በጥር ይሠራል፤ ለሥር የሚሆነው ዘርም ከዚያ 5 ወይም 6 ወር ቀድሞ ይዘራል። በዶፍ ዝናብ ማዳቀል አይመከርም፤ ውኃ ግንዱና ቅርንጫፉ የሚጣበቁበት መጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ ያበሰብሰዋል።

ዘሩ ከጤነኛ ዛፍ ላይ ከተለቀመ ፍሬ ይወሰዳል። መሬት ላይ የወደቀ ፍሬ የሥር አበስባሽ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የአቮካዶ ዘር ከደረቀ ስለሚሞት ሳይቆይ፣ ሰፊው ጎኑ ወደ ታች፣ ሹሉ ወደ ላይ ሆኖ ይተከላል። ችግኙ ለሚያድግበት ላስቲክ 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ብስባሽና 1 እጅ አሸዋ ይበቃል። ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ሲኖረው ለማዳቀል ደርሷል።

የብዙ ችግኝ ዕድል የሚወሰነው ቢላ ሳይነሳ በፊት፣ ቅርንጫፉ ሲመረጥ ነው። ባለሙያዎች ሳየን የሚሉት ይህ ቅርንጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ከተቀባዩ፣ ማለትም ከዘሩ ከበቀለው ችግኝ፣ ግንድ ጋር እኩል የሚወፍር፣ ጫፉ ላይ ያለው እንቡጥ ያበጠ ግን ያልፈነዳ ይሁን። ለምለም ለጋው ቶሎ ይጠወልጋል፤ ያበበው ደግሞ ቅጠል አያወጣም። ማለዳ ተቆርጦ ቅጠሉ ወዲያው ይከረከማል፤ አጭር የቅጠል ዘንግ ብቻ ይቀራል። በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ላስቲክ ውስጥ ይቀመጣል፣ በዚያው ቀን ቢዳቀል ይመረጣል።

ተቀባዩ ከአፈር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆረጥና መሐሉ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይሰነጠቃል። የሳየኑ ታች በሁለት ጎን እንደ ሽብልቅ ይቀረጻል። ቢላው በአልኮል የተጠረገና አንዴ ሲስቡት የሚቆርጥ መሆን አለበት፤ በደነዘዘ ቢላ የተፋቀ ገጽ ጎርበጥባጣ ስለሚሆን አይገጥምም። የተቀረጸውን ገጽ በጣት መንካትም አያስፈልግም። የሚያጣብቃቸው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ አረንጓዴ ሽፋን ነው። ሳየኑ ከቀጠነ መሐል ላይ ከማቆም በአንድ ጎን ቅርፊት ከቅርፊት ማስተካከል ይሻላል። ከዚያ በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ከታች ወደ ላይ ማሰር፣ ሳየኑን በስስ የላስቲክ ከረጢት መሸፈንና ጥላ ሥር ማኖር ነው። ከ3 እስከ 5 ሳምንት ውስጥ እንቡጡ ይነቃል፤ ከረጢቱም ያኔ ይነሳል። መጋጠሚያው ሲጠነክር ማሰሪያው ካልተፈታ ግንዱን ያንቃል።

ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከተከላው አንድ ወር ቀድሞ ይቆፈራል፤ የላዩና የታቹ አፈር ለየብቻ ይከመራል። የላዩ አፈር ከበሰለ ፍግ ጋር ተቀላቅሎ ይመለሳል። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ርቀቱ 7 በ7 ሜትር ከሆነ በሄክታር 204 ዛፍ ይይዛል። ሃስ ለብቻው ከሚተከል ኤቲንገር ወይም ፉዌርቴ ቢቀላቀልበት ፍሬ መያዙ ይሻሻላል፤ የአንዱ አበባ ዱቄቱን ሲለቅ የሌላው ለመቀበል ክፍት ይሆናልና።

አቮካዶን እንደ ውኃ ማቆር የሚገድለው የለም። በዋልካ አፈር ላይ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ እዚያ ላይ መትከል ግዴታ ነው። ላስቲኩ በምላጭ ተቀዶ ይወልቃል፣ ችግኙን በግንዱ መጎተት ግን ሥሩን ይበጥሳል። መጋጠሚያው ምንጊዜም ከአፈር በላይ ይሁን። ጉዝጓዙም ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ።

ከመጋጠሚያው በታች የሚያቆጠቁጠው ሁሉ ገና ለጋ እያለ ይነቀል። እሱ የተቀባዩ ቅርንጫፍ ነው፤ ፈጥኖ ስለሚያድግም ሳየኑን አዳክሞ ያደርቀዋል፣ ገበሬውም ሃስ ብሎ የተከለውን የማይታወቅ አቮካዶ ሆኖ ያገኘዋል።