«ዘይት ነው እንጂ ሐሺሽ አይደለም»፦ ስለ ካናቢስ ኮንሰንትሬትና ተርፒን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት እናት አሉ። የጎረቤቴ እናት ናቸው፤ እኔም እማማ ነው የምላቸው። ለካንሰር ኬሞ ሲጀምሩ ማቅለሽለሹ አላስበላ አላስተኛ አላቸው። ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው የሕክምና ካናቢስ ካርድ ወጣላቸው። ልጃቸው ከዲስፔንሰሪ (ከተፈቀደ የካናቢስ ሱቅ) መርፌ የሌለው ትንሽ ሲሪንጅ ይዛ መጣች። ውስጡ ያለው ነገር ጥቁርና ወፍራም ነው፣ ሬንጅ ይመስላል። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ «እስቲ ይህን ጽሑፍ አንብብልን» ተብዬ ተጠራሁ። ገና ሳልቀመጥ እማማ፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ዘይት ነው እንጂ ሐሺሽ አይደለም፤ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ» ብል ደስ ይላቸው ነበር። አላልኩም። ያን ቀን ቡናው በረካ እስኪደርስ የተነጋገርነውን፣ ከዚያ ወዲህም ከሌሎች ሰዎች ደጋግሜ የሰማሁትን እዚህ ላስቀምጥ። ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ራሳችሁ ሕክምና የመጨረሻው ቃል የሐኪማችሁ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ዘይት ስለሆነ ለስለስ ያለ ነው»

ተገላቢጦሽ ነው። የካናቢስ አበባ ላይ በዓይን በቅጡ የማይለዩ፣ ፀጉር የመሰሉ ጥቃቅን እጢዎች አሉ። የሚያጣብቅ ሙጫ ያመነጫሉ። የሚያሰክረው ቲኤችሲ፣ የማያሰክረው ሲቢዲ፣ ሽታውን የሚሰጡት ተርፒኖች በብዛት የሚገኙት እዚያ ሙጫ ውስጥ ነው። ኮንሰንትሬት የሚባለው ቅጠሉ ተጥሎ ሙጫው ብቻ ሲሰበሰብ ነው። ሐሺሽም ሌላ ነገር አይደለም፤ ሙጫው ተሰብስቦ የተጠፈጠፈ ነው። ስለዚህ የእማማ «ዘይት» ከቅጠሉ ይልቅ ለሐሺሽ ይቀርባል።

እማማን ያስረዳኋቸው በአረቄ ነው። ጠላም አረቄም ከጌሾና ከብቅል ይነሳሉ። ግን ጠላ በጣሳ የሚጠጣ ሰው አረቄን በጣሳ አይጠጣም። አረቄ መለኪያ አለው። አሜሪካ ዲስፔንሰሪ ውስጥ የሚሸጥ አበባ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 25 በመቶ ቲኤችሲ ቢኖረው፣ ኮንሰንትሬቱ ከ60 እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። ይሄ ዳግም አረቄ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ሲሪንጁ ላይ 70 በመቶ ይላል እንበል። በውስጡ ያለው 1 ግራም ነው። ይህ ማለት 700 ሚሊ ግራም ቲኤችሲ ማለት ነው። የሩዝ ፍሬ የምታክል ጠብታ 25 ሚሊ ግራም ብትመዝን፣ 17 ሚሊ ግራም ያህል ቲኤችሲ ይዛለች። አሁን ከዚህ ጋር አነጻጽሩት፦ ድሮናቢኖል የሚባለው፣ በላቦራቶሪ የሚሠራ የቲኤችሲ እንክብል ከ1985 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደ መድኃኒት ነው። በኤድስ ምክንያት የምግብ ፍላጎት ለጠፋባቸው ሕሙማን ሲሰጥ የሚጀመረው በ2.5 ሚሊ ግራም ነው። አንዲት የሩዝ ፍሬ ሰባት እጥፍ ሆነች ማለት ነው። እማማ ይህን ሲሰሙ «በስመ አብ!» ብለው ሲሪንጁን ገፋ አደረጉት።

ሻተር፣ ዋክስ፣ ላይቭ ሬዚን፣ ሮዚን የሚሉት የኮንሰንትሬት ስሞች ግራ ያጋባሉ። ሻተርና ዋክስ መልኩን ነው የሚናገሩት፤ አንዱ እንደ መስታወት ይሰበራል፣ ሌላው እንደ ሰም ነው። ላይቭ ሬዚን አበባው ሳይደርቅ በትኩሱ በረዶ ተደርጎ ስለሚወጣ ሽታው ብዙ ይተርፋል። ሮዚን ያለ ኬሚካል፣ በሙቀትና በጫና ተጨምቆ የሚወጣ ነው። ሌሎቹ በአልኮል፣ በቡቴን ጋዝ ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣሉ። ከነዚህ ስሞች አንዱም ጉልበቱ ስንት እንደሆነ አይነግራችሁም። በቡቴን ቤት ውስጥ ለመሥራት የሚያስብ ካለ ይተወው፤ ጋዙ ተጠራቅሞ በአንዲት ብልጭታ ቤት የሚያነድ ነገር ነው።

«አልሠራልኝም፤ ልድገም»

ከሁሉ በላይ ሰው ድንገተኛ ክፍል የሚያስገባው ይሄ ይመስለኛል። የተነፈሱት ካናቢስ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰማል። የዋጡት ግን በሆድና በጉበት በኩል ይዞራል። ለመጀመር ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይፈጅበታል፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ጉበት ደግሞ ቲኤችሲውን ወደ ሌላ ሞለኪውል ይለውጠዋል፤ እሱም በደንብ የሚያሰክር ነው። ስሜቱ 6፣ 8 ሰዓት ይቆያል። በ45ኛው ደቂቃ የደገመ ሰው፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሲመጡበት ልቡ ይመታል፣ ይፈራል፣ የሚሞት ይመስለዋል። ሽማግሌዎች ላይ የሚያስፈራኝ ግን መውደቅ ነው። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ራስ ያዞራል፤ ዳሌ ይሰበራል።

«እህቴ 10 ሚሊ ግራም ወስዳ ምንም አልሆነችም» የሚለውም አይሠራም። ተመራማሪው ራፋኤል ሜቹላምና ባልደረባቸው ዬኺኤል ጋኦኒ በ1964 እስራኤል ውስጥ ቲኤችሲን ለይተው ካወጡ በኋላ፣ የሜቹላም ባለቤት ኬክ ጋገሩ። ለወዳጆቻቸው በየቁራሹ 10፣ 10 ሚሊ ግራም ቲኤችሲ ተደረገ። ያው መጠን ነው። አንዱ ወሬ ማቆም አቃተው፤ ሌላው በየጊዜው ይስቃል፤ አንዷን ደግሞ ከባድ ጭንቀት ያዛት። ሁሉንም ነገር ከምርምር ጽሑፍ በላይ የምታስረዳኝ ታሪክ ይህች ናት።

«ፐርሰንቱ ከፍ ያለው የበለጠ ያድናል»

ዲስፔንሰሪ ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ፐርሰንት ነው?» ነው። ሥጋ ስንገዛ እንኳ እንዲህ አንጠይቅም።

በ2020 የታተመ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። አበባ የሚያጨሱና ኮንሰንትሬት የሚወስዱ 121 ሰዎች ተነጻጸሩ። የኮንሰንትሬት ተጠቃሚዎቹ ደም ውስጥ የተገኘው ቲኤችሲ ከእጥፍ በላይ ነበር። ስካሩና ሚዛን የመሳቱ ነገር ግን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። እኔ የምረዳው፣ ሰውነት ሲለምድ መጠኑ እየጨመረ ጥቅሙ ባለበት ይቀራል።

ምርቱ ላይ ያለው ጽሑፍም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም። በ2023 ኮሎራዶ ውስጥ 23 የአበባ ናሙናዎች እንደገና ተመረመሩ። ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት ከተጻፈባቸው ቁጥር ከ15 በመቶ በላይ ዝቅ ብለው ተገኙ። ገዢ ቁጥር ሲያሳድድ ቁጥሩም ያብጣል። ሌላም አለ፦ አበባ ላይ «ቲኤችሲኤ» የሚል ካያችሁ፣ እሱ ሙቀት ያልነካው ጥሬው ነው፤ አያሰክርም። ሲሞቅ ክብደት ይቀንሳልና ቁጥሩን በ0.877 አባዙት።

ለማቅለሽለሽ ለሚወስዱት ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ካናቢስን ለረጅም ጊዜ አብዝተው የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች እየተመላለሰ የማያቆም ትውከት ይይዛቸዋል። የሚያስታግሳቸው ሙቅ ሻወር ነው። መድኃኒቱ ያነሰ መስሏቸው ይጨምራሉ፤ ይብስባቸዋል። መፍትሔው ማቆም ነው።

«ተርፒን ሽታ ብቻ ነው» እና «ተርፒን ነው መድኃኒቱ»

ሁለቱንም ከአንድ ቤት፣ በአንድ ቀን ሰምቻቸዋለሁ።

ተርፒን የካናቢስ ብቻ አይደለም። እማማ ጓዳ ውስጥ ሞልቷል። የሎሚ ልጣጭ ስትቧጥጡ የሚሸታችሁ ሊሞኒን ነው። ቁንዶ በርበሬና ቅርንፉድ ውስጥ ካርዮፊሊን አለ። ሊናሉል በሶብላና ላቬንደር ውስጥ፣ ፓይኒን የፈረንጅ ጥድ ውስጥ፣ ማይርሲን ጠጅ ሳር ውስጥ ይገኛሉ። ይህን ስነግራቸው እማማ ተነስተው የቅርንፉድ ብልቃጥ አመጡ። የዲስፔንሰሪውን ወረቀት ከጎኑ አስቀምጠው አሸተቱ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ሻይ ውስጥ ስጨምረው ነበር?» አሉ። አዎ፣ ሲጨምሩት ነበር።

ሽታ ብቻ ነው እንዳንል የሚያደርጉን ነገሮች አሉ። ካርዮፊሊን ሰውነታችን ውስጥ ካሉት ሁለት ዋና የካናቢስ ተቀባዮች (ካናቢስ የሚሠራባቸው የሕዋስ ክፍሎች) አንዱን፣ ሲቢ2 የሚባለውን፣ እንደሚነካ በ2008 ታውቋል። ሲቢ2 በብዛት ያለው የበሽታ መከላከያ ሕዋሶች ላይ ስለሆነ አያሰክርም። በ2024 ደግሞ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ለ20 ሰዎች ቲኤችሲን ከሊሞኒን ጋር በትነት ሰጡ። የሊሞኒኑ መጠን ከፍ ሲል ቲኤችሲው የሚያመጣው ጭንቀት ቀነሰ። ደስ የሚል ውጤት ነው፤ ግን 20 ሰው ነው።

በሌላ በኩል በ2019 አውስትራሊያ ውስጥ የታወቁትን ተርፒኖች ሕዋስ ላይ የሞከሩ ተመራማሪዎች፣ ቲኤችሲ በተቀባዮቹ ላይ የሚሠራውን ሥራ ሲለውጡት አላዩም። «ማይርሲን ያስተኛል» የሚለውም በአመዛኙ ከአይጥ ሙከራ የመጣ ነው፤ ለአይጧ የተሰጣት መጠን ሰው ከአበባ ከሚያገኘው ጋር አይገናኝም። «ሁሉም አንድ ላይ ሲሆኑ ይበረታሉ» የሚባለው አባባልም ከ1998 የሜቹላምና የባልደረቦቻቸው ጽሑፍ ይነሳል። እዚያ የተወራው ግን ሰውነታችን ራሱ ስለሚያመነጫቸው ሞለኪውሎች ነበር። ወደ ተክሉ የተሳበው ኋላ ነው።

ዲስቲሌት የሚባለው ቢጫ፣ ጥርት ያለ ኮንሰንትሬት ሲጣራ ሽታውን ያጣል። ስለዚህ ተርፒን መልሰው ይጨምሩበታል። የሚጨመረው ከብርቱካን ልጣጭ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሞለኪውሉ ያው ነው፤ «የተፈጥሮ አበባው ሙሉ ይዘት» ተብሎ በውድ ከተሸጠላችሁ ግን ጠይቁ።

እኔ ለእማማ የመከርኳቸው ቀላል ነው። አንድን ምርት ወስደው ከተስማማቸው፣ ስሙን ሳይሆን የተርፒን ወረቀቱን ፎቶ ያንሱት። በሚቀጥለው ተመሳሳዩን ለመፈለግ ይጠቅማል። ከዚያ አልፎ «ይሄ ተርፒን ለስኳር፣ ይሄ ለደም ግፊት» ብሎ የሚሰጣችሁ ሻጭ ካለ፣ እየሸጠ ነው።

«ኢንዲካ ያስተኛል፤ ሳቲቫ ያነቃል»

እነዚህ የካናቢስ ዓይነት ስሞች ሰው ሲወስዳቸው የሚሰማውን ለመግለጽ የወጡ አይደሉም። ሳቲቫን የዕፅዋት ተመራማሪው ሊኔየስ በ1753፣ ኢንዲካን ሌላው ተመራማሪ ላማርክ በ1785 የሰየሙት ተክሉን አይተው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተዳቅሏል። ዛሬ ምርቱ ላይ የሚጻፈው ስም ከተክሉ ዘር ጋር በቅጡ እንደማይገጥም የዘረመል ጥናቶች አሳይተዋል። እንቅልፍ የወሰዳችሁ በስሙ ሳይሆን በወሰዳችሁት መጠን ሊሆን ይችላል።

«ቬፕ እንፋሎት ነው፤ ሳንባ አይነካም»

በ2019 አሜሪካ ውስጥ ቬፕ (ዘይቱን በባትሪ አሙቆ የሚያተን መሣሪያ) የሚስቡ ወጣቶች ትንፋሽ እያጠራቸው ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ታመው ተመዘገቡ፤ 68 ሞቱ። ከ51 ሕሙማን ሳንባ በተወሰደ ፈሳሽ ውስጥ፣ በ48ቱ ላይ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ተገኘ። የቲኤችሲ ዘይት ማቅጠኛ ተደርጎ የገባ ነው። ቆዳ ላይ ሲቀባ ችግር የለውም፤ ሳንባ ውስጥ ግን ሌላ ነው። አብዛኛው የመጣው ከመንገድና ከጓደኛ ከተገዛ ካርትሪጅ (የቬፕ ዘይት መያዣ) ነበር። «የልጄ ጓደኛ በርካሽ አመጣልኝ» የሚሉ እናቶችን ሳይ የሚመጣብኝ ይሄ ነው።

ከተፈቀደ ሱቅ የተገዛም ቢሆን ሙቀቱ ወሳኝ ነው። በ2017 የፖርትላንድ ስቴት ተመራማሪዎች ተርፒንን በከፍተኛ ሙቀት አተነኑ። ሙቀቱ ሲጨምር ቤንዚን (benzene፤ የመኪናው ነዳጅ አይደለም) የሚባለው ካንሰር አምጪ ነገርና ሌላ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ወጣ። ያ የምትወዱት የሎሚ ሽታ ሲቃጠል ሌላ ነገር ይሆናል።

«ሲቢዲማ ምንም አያደርግም»

አያሰክርም እንጂ መድኃኒት ነው። ኤፒዲዮሌክስ የተባለው የሲቢዲ ሽሮፕ በ2018 ለሁለት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ተፈቅዷል። የጉበት ምርመራ ይጠይቃል። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ደም ውስጥ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ዋርፋሪን የሚወስዱ ስንት አባቶች አሉን! ለሐኪም ንገሩ። ቀዶ ሕክምና ካለባችሁም ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሩ፤ ሐኪም አይገላምጣችሁም።

«ካንሰሩን ያጠፋል»

ላቦራቶሪ ሳሕን ላይ የካንሰር ሕዋስ የሚገድል ነገር ብዙ ነው፤ በረኪናም ይገድላል። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ ካናቢስን በጥናት ውስጥ ካልሆነ በቀር ካንሰሩን ራሱን ለማከም አትጠቀሙበት ብሏል። የተለመደው መድኃኒት ላልያዘው የኬሞ ማቅለሽለሽ ግን ሊታሰብበት ይችላል። እማማ የወሰዱት ለዚህ ነው። ልጃቸው በልቧ ሌላ ተስፋ እንደነበራት ፊቷ ላይ ያየሁ መሰለኝ።

«ካርድ አለኝ፤ ማን ይነካኛል?»

የእኛን ሰው በተለይ የሚመለከተው ይሄ ነው። ካርዱ የስቴት ነው፤ ኢሚግሬሽን ግን የፌዴራል ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ካናቢስ በስቴቱ ሕጋዊ ቢሆንም ዜግነት ሲያመለክቱ «መልካም ጠባይ» የሚለውን መመዘኛ ሊያሰናክል እንደሚችል ጽፏል። ግሪን ካርድ ይዛችሁ ከሆነ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሩ። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ይዘው የሚሠሩም እንዲሁ፤ የፌዴራል ትራንስፖርት ምርመራ የሐኪም ካርድ አይቀበልም። «ሲቢዲ ብቻ ነው» የተባለ ጠብታ ቲኤችሲ ኖሮበት ምርመራው ላይ ቢወጣም ሰበብ አይሆንም።

ወደ አገር ቤት መያዝማ አይታሰብም። ኢትዮጵያ ውስጥ ወንጀል ነው። በዱባይ ብታልፉም ያስጠይቃል።

እማማ ኬሞውን ጨርሰው ለልጅ ልጃቸው ሠርግ አዲስ አበባ ሊሄዱ ሻንጣ ሲያዘጋጁ ደወሉልኝ። «ያቺን ሲሪንጅ ከቅመሞቹ ጋር ብጠቀልላትስ? እንደ ቅርንፉድ እኮ ነው የምትሸተው» አሉኝ። ሐኪማቸው የተለመደውን የማቅለሽለሽ ክኒን ጻፉላቸው። ሲሪንጇ ልጃቸው ዘንድ ቀረች፣ ቁልፍ ባለው መሳቢያ ውስጥ።