«አሻራው ንጹህ ነው» ሲባል ምን ተጣርቷል ማለት ነው?

በአሜሪካ ጦር ሰፈሮች የሚኖሩ ወላጆች «ልጄን የሚይዘው ሰው ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ የሚያገኙት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የጣት አሻራ ሰጥቷል፣ ኤፍቢአይ (የፌዴራል ምርመራ ቢሮው) አጣርቶታል፣ ንጹህ ነው።» ይህን መልስ መስማት ሰልችቶናል፤ ምክንያቱም ሥራው ከሞላ ጎደል የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ኤፍቢአይ ካጣራው ሁሉም ተጣርቷል»

አልተጣራም። ኤፍቢአይ ዘንድ ያለው ከአሻራ ጋር የተያያዘ የእስርና የክስ ታሪክ ነው። አሻራ ሳይወሰድ የተዘጋ ጉዳይ እዚያ የለም፤ ስቴቱ ያልላከው ጉዳይም እዚያ አይገኝም። የተላከውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ነው፦ ሰውዬው መታሰሩ ተመዝግቦ ፍርድ ቤቱ ምን እንደወሰነ ሳይመዘገብ ይቀራል። አጣሪው ያንን ክፍት ቦታ እንደ ነጻ መለቀቅ ከቆጠረው ተሳስቷል። የፍርድ ቤቱን መዝገብ ማስመጣት አለበት።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የሕፃናት ጥቃትና ቸልተኝነት መዝገብ ነው። ይህን መዝገብ የሚይዘው የየስቴቱ የሕፃናት ደህንነት መሥሪያ ቤት ነው እንጂ ፖሊስ አይደለም። አንድ ሰው ልጅ መበደሉ በመሥሪያ ቤቱ ምርመራ ቢረጋገጥም፣ ሳይታሰርና ሳይከሰስ ከቀረ አሻራው ንጹህ ሆኖ ይመለሳል። ቀጣሪ በአንድ ጊዜ የሚፈትሸው አገር አቀፍ መዝገብ ስለሌለ ሰውዬው የኖረበትን ስቴት አንድ በአንድ መጠየቅ ግድ ነው።

የወታደር ቤተሰብ ጉዳይ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በሰፈሩ ትምህርት ቤት ከሚቀጠሩት ብዙዎቹ የወታደር ባለቤቶች ስለሆኑ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ቦታ ይቀይራሉ። ቴክሳስ፣ ሰሜን ካሮላይናና ዋሽንግተን ስቴት የኖረች አመልካች ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ያስፈልጓታል። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ቅጽ አለው፤ አንዳንዱ ክፍያ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ በኖተሪ (በሰነድ አረጋጋጭ) የተረጋገጠ ፊርማ ካልተያያዘ መልሶ ይልከዋል። ጀርመን ወይም ጃፓን ከኖረች ደግሞ በዚያ የነበረውን የወታደራዊ ፖሊስና የሠራዊቱን የቤተሰብ ጥቃት መከላከያ ፕሮግራም መዝገብ ማየት ያስፈልጋል። በውጭ አገር ለሚቀጠር የአገሩ ዜጋ የአሜሪካ አሻራ ፍለጋ የሚነግረን ነገር ስለሌለ ማጣራቱ በአገሩ መንግሥት በኩል ነው።

እንግዲህ ማጣሪያው ሁሉ የቆመው አመልካቹ በጻፈው የአድራሻ ዝርዝር ላይ ነው። አንድ ስቴት ከዝርዝሩ ከወጣ ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ አድራሻዎቹን ከሥራ ታሪኩ ጋር ወር በወር አስተያዩ። ስድስት ወር ክፍተት ካለ ማብራሪያ በጽሑፍ ይምጣ። ከጋብቻ በፊት የነበረ ስምና ሰውዬው የሚታወቅበት ሌላ ስም ሁሉ በእያንዳንዱ ቅጽ ላይ ይግባ።

«ሥራ ከጀመረ ተጣርቶ አልቋል»

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የፌዴራል ሕግ ውጤቱ ሳይደርስ በጊዜያዊነት መቅጠርን ይፈቅዳል። ቅድመ ሁኔታው ግን ጥብቅ ነው፦ ልጆች አብረውት ባሉበት ጊዜ ሁሉ፣ ማጣሪያው ባለቀለት ሌላ ሠራተኛ ዓይን ሥርና ቁጥጥር ሥር መሆን አለበት። «አንድ ሕንፃ ውስጥ ነን» ማለት አይበቃም። ይህ ቁጥጥር የሚላላው ሽንት ቤት በሚኬድበት ጊዜ፣ ልጆች በሚተኙበት ሰዓትና ተቆጣጣሪው ለምሳ ሲወጣ ነው። ለእያንዳንዱ ፈረቃ ሁለት ተቆጣጣሪዎች በስም ይመደቡ። ያልተጣራው ሠራተኛም ከሩቅ የሚለይ ባጅ ወይም ሰደርያ ይልበስ።

«ሴኩሪቲ ክሊራንስ ካለው ሌላ ማጣሪያ አያስፈልገውም»

ክሊራንስ፣ ማለትም የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ፣ አንድ ሰው ምስጢር ይጠብቃል ወይ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። የሕፃናት ጥቃት መዝገብን ፍለጋ አይተካም።

«የሚጣራው መምህር ብቻ ነው»

የ1990ው ሕግ በኮንትራት የሚሠሩትንም ያካትታል።

«አንዴ ከተጣራ በቃ»

በመከላከያ ሚኒስቴሩ መመሪያ ማጣሪያው በየ5 ዓመቱ ይደገማል። በመካከል የሚፈጸም እስር ቶሎ የሚታወቀው ሠራተኛው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ2014 በጀመረው ራፕ ባክ በተባለው የማሳወቂያ አገልግሎት ከተመዘገበ ነው። መመዝገቡን ጠይቁ።

«የወታደር ልጅ ስለሆነ የፌዴራል ማጣሪያ ይጠብቀዋል»

አብዛኞቹ የወታደር ልጆች የሚማሩት ከሰፈሩ ውጭ በመደበኛ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ማጣሪያውን የሚወስነው የስቴቱ ሕግ ስለሆነ አንዱ ስቴት የሚጠይቀውን ሌላው ላይጠይቅ ይችላል። ዝውውር በመጣ ቁጥር ርእሰ መምህሩን እነዚህን ጠይቁ፦ የሕፃናት ጥቃት መዝገብ በስንት ስቴት ታይቷል? ማጣሪያው በየስንት ዓመቱ ይደገማል? የመምህሩ ፈቃድ በሌላ ስቴት ተነጥቆ እንደሆነ ስቴቶች በሚጋሩት፣ ናስድቴክ በተባለው ማኅበር የመረጃ ቋት ተፈትሿል?

ከሁሉም በላይ የቀድሞ ቀጣሪው በስልክ ተጠይቋል ወይ በሉ። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የፌዴራል ትምህርት ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች በልጅ ላይ የወሲብ ጥፋት መፈጸሙን የሚያውቁትን ሠራተኛ ሌላ ሥራ እንዲያገኝ እንዳይረዱ ይከለክላል። ሆኖም ያልጠየቀ ቀጣሪ መልስ አያገኝም። ጥያቄዎቹ ቀጥተኛ ይሁኑ፦ ከልጅ ጋር በተያያዘ ቅሬታ ቀርቦበት ያውቃል? የለቀቀው ምርመራ ላይ እያለ ነው? መልሳችሁ ትቀጥሩታላችሁ? መልሱ፣ የመለሰው ሰው ስምና ቀኑ ተጽፈው ከፋይሉ ጋር ይያያዙ።