ስዊቺንግ ሬጉሌተር ምንድን ነው?

የኃይል ምንጩ 12 ቮልት ይሰጣል። ዕቃው የሚፈልገው ግን 5 ቮልት ነው። ትርፉ 7 ቮልት ምን ይሁን?

ሬጉሌተር ማለት የሚወጣውን ቮልቴጅ በሚፈለገው ልክ የሚያቆይ ክፍል ነው። ሊኒየር ሬጉሌተር የሚባለው፣ ለምሳሌ ታዋቂው 7805 ቺፕ፣ ትርፉን በሙቀት መልክ ያቃጥለዋል። ዕቃው 1 አምፒር ከሳበ 5 ዋት ለሥራ ይውላል፣ 7 ዋት አየር ያሞቃል። ከሚያደርሰው የሚያባክነው ይበልጣል። ጀርባው ላይ ያ ሁሉ ብረት የሚታሰርለትም ለዚህ ነው።

ስዊቺንግ ሬጉሌተር እንዲህ አይሠራም። ትራንዚስተሩን፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዘውን ማብሪያና ማጥፊያ፣ ወይ ጨርሶ ያበራዋል፣ ወይ ጨርሶ ያጠፋዋል። ትራንዚስተር ላይ የሚባክነው ኃይል እሱ ላይ ያረፈው ቮልቴጅ በሚያልፍበት ከረንት (በኤሌክትሪክ ፍሰቱ) ሲባዛ ነው። ሲበራ ከረንት አለ፣ ቮልቴጁ ግን ወደ ዜሮ ይጠጋል። ሲጠፋ ደግሞ ቮልቴጅ አለ፣ ከረንት የለም። በሁለቱም ጊዜ ብዜቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይሄ ማብራትና ማጥፋት በጣም ፈጣን ነው፤ ኤልኤም2596 የተባለው ቺፕ በሰከንድ 150,000 ጊዜ ያደርገዋል።

ብዙ ሰው ማብራሪያውን እዚህ ላይ ያቆማል፦ «ያበራል፣ ያጠፋል፣ አማካዩ 5 ይሆናል»። እኔን ይሄ አያጠግበኝም። የ5 ቮልት ዕቃ 12 ቮልት ሲመጣበት አማካዩን ቆሞ አይጠብቅም፣ ይቃጠላል። ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ብቻ ቢጨመርበትስ? ያም አያዋጣም። 12 ቮልት በቀጥታ ሲለቀቅበት ከረንቱ ባንዴ ይንደረደራል፣ የትርፉ ቮልቴጅ ጉልበትም ትራንዚስተሩና ሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ዞሮ ዞሮ ያው የሊኒየሩ ብክነት ነው።

ዋናው ባለሙያ ኢንዳክተሩ ነው፤ ያ የተጠቀለለ ሽቦ። ኢንዳክተር ከረንት ባንዴ እንዲጨምርም ባንዴ እንዲቋረጥም አይፈቅድም። ትራንዚስተሩ ሲበራ በአንድ ጫፉ 12፣ በሌላው 5 ቮልት ስላለ ትርፉ 7 ቮልት እሱ ላይ ያርፋል። ይሄ 7 ቮልት ግን አይቃጠልም። ከረንቱን ቀስ በቀስ ያሳድገዋል፣ ጉልበቱም በጥቅሉ ውስጥ ማግኔታዊ መስክ ሆኖ ይጠራቀማል። ትራንዚስተሩ ሲጠፋ መስኩ እየከሳ ከረንቱን ወደ ዕቃው መግፋቱን ይቀጥላል። ፔዳል መምታት ቢቆምም ብስክሌቱ መንከባለሉን እንደማይተወው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ለከረንቱ መዞሪያ የሚሆነው ዳዮዱ ነው፤ ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው። ካፓሲተሩ የቀረችውን ትንሽ ሞገድ ያለሰልሳታል።

ሒሳቡ ደግሞ ደስ ይላል። ሲበራ ኢንዳክተሩ ላይ 7 ቮልት ወደ ላይ ይገፋል፣ ሲጠፋ 5 ቮልት ወደ ታች ይጎትታል። የዳዮዱን ትንሽ ብክነት እንተወውና፣ ሁለቱ እንዲመጣጠኑ አንዱ ዙር ለ12 ቢከፈል 5ቱን እጅ መብራት፣ 7ቱን እጅ መጥፋት አለበት። 7 ሲባዛ በ5፣ 5 ሲባዛ በ7፤ እኩል ነው። ከምንጩ ከረንት የሚሳበው ሲበራ ብቻ በመሆኑም ዕቃው 1 አምፒር እያገኘ ከምንጩ የሚወሰደው በአማካይ ግማሽ አምፒር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ከሊኒየር ጋር ለኖረ ሰው ይሄ ተአምር ይመስላል።

ምንጩ ከ12 ወደ 10 ቮልት ቢወርድስ? ቺፑ የሚወጣውን ቮልቴጅ በሁለት ሬዚስተር አካፍሎ ውስጡ ካለ ቋሚ ቮልቴጅ ጋር ሁልጊዜ ያስተያያል። ሲያንስ የመብራቱን ጊዜ ያስረዝማል፣ ሲበዛ ያሳጥራል። እነዚሁ ዕቃዎች አቀማመጣቸው ሲቀየር ቮልቴጅ ከፍ ያደርጋሉ፤ ፓወርባንክ ከ3.7 ቮልት ባትሪ 5 ቮልት የሚያወጣው በዚህ ዘዴ ነው።

ፍጥነቱ ሲጨምር ኢንዳክተሩ ማነስ ይችላል። ግን ትራንዚስተሩ ከመብራት ወደ መጥፋት ሲሻገር ለቅጽበት መሃል ላይ ይሆናል፣ በእያንዳንዱ መሻገር ትንሽ ይሞቃል። ስለዚህ ፍጥነቱን ዝም ብሎ መጨመር አይቻልም። ሌላው ጣጣ ረብሻው ነው፤ ያ ሁሉ መብራትና መጥፋት ሬዲዮና ድምፅ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ረብሻ በማይችሉ መለኪያዎች ውስጥ ስዊቺንጉ ከ12 ወደ 6 ቮልት ገደማ ካወረደ በኋላ ትንሽ ሊኒየር ሬጉሌተር ይከተለዋል። እሱም የመጨረሻዋን 1 ቮልት ያቃጥላል።